ደስ ብሎት ነው የሸናው፣ አትምቱብኝ!

ኧረ በፈጠራችሁ! ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቡችላዬን ካልመታሁ የሚለው እስከ መቼ ነው? ቦቢ ገና 4 ወሩ ነው። የሚወደው ሰው ድምፅ ከውጭ በር ሲሰማው ጅራቱን ብቻ ሳይሆን ወገቡን ጭምር እያወዛወዘ ይሮጣል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥ አድርጎ እግር ስር ይጋደማል፣ ከዚያ ጠብ ጠብ ይልበታል። እግሩን አንስቶ፣ ቦታ መርጦ አይደለም። መሽናቱን የሚያውቅም አይመስልም። በቃ፣ ወንጀሉ ይኸው ነው።

ፍርዱ ግን አይዘገይም። "አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ደፍቀሽ በጥፊ በይው፣ ይለምዳል።" "ሌባ ሲመጣም ሊሸናበት ነው? ቀን ቀን በሰንሰለት እሰሪው፣ ቁጡ ይሆናል።" ይህን የሚሉኝ ክፉዎች ቢሆኑ ባልገረመኝ። ቡና ሲፈላ የሚጠሩኝ፣ ስታመም ደጄን የማይለቁ የደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር ጎረቤቶቼ ናቸው። ለዚህ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ።

እስቲ ስሙኝ። የቡችላ ሽንት መያዣ ጡንቻ ገና አልጠነከረም፤ ደስታው ሲበዛ ያመልጠዋል። ዳይፐር ያልጨረሰ ሕፃን አመለጠው ተብሎ ይገረፋል? አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ማንም ሳይነካቸው ይተዉታል። ከተመታ ግን ነገሩ ይብሳል። ደስ ሲለው ይሸና የነበረው፣ ሲፈራም መሽናት ይጀምራል፤ ሰው ጎንበስ ሲልበት፣ እጅ ከአናቱ በላይ ሲነሳ፣ ድምፅ ከፍ ሲል። እናንተ ልክ አስገባሁት ትላላችሁ፣ እሱ ማሩኝ እያለ ነው የሚሸናው!

ደግሞ ራሳቸው አስፈንድቀውት ራሳቸው የሚጮኹበትስ! የአክስቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ስትመጣ ገና ከበሩ "ቦቢዬ! ቦቢሻ! ና ና ና!" እያለች ታጨበጭባለች፣ ብድግ አድርጋ ታቅፈዋለች፣ ቀሚሷ ሲረጥብ "ውይ ቆሻሻ!" ብላ ትወረውረዋለች። እንዴ! ማን ነው እንዲህ ያደረገው? ዝም ብለሽ ግቢ። ዓይኑን አትዪው። ሲረጋጋ ቁጢጥ በይና አገጩን ከስር እከኪለት፣ እጅሽን አናቱ ላይ አታምጪ። እኔም ሰው እንደሚመጣ ካወቅኩ አስቀድሜ ጓሮ አውጥቼ አሸናዋለሁ፣ እንግዳም የሚያገኘው ግቢ ውስጥ እንጂ ምንጣፍ ላይ አይደለም። እንዲህ የተደረገ ቀን ብዙ ጊዜ ጠብታም የለም።

ከጎናችን ያሉት እናት ግን ሌላ ናቸው። ለሰላት ለብሰው ሲያልፉ ጠብ ካለባቸው ነጃሳ ነው፣ ልብሱን ሳያጥቡ ወይ ሳይቀይሩ አይሰግዱም። ይህ ክርክር የለውም፤ እሳቸው ሲመጡ ቦቢ ጓሮ ይዘጋበታል። ከሁሉም በላይ የሚቸገሩት እሳቸው ሆነው አንድ ቀን እንኳ ምቺው ብለውኝ አያውቁም!

በረኪና ድፊበት የምትሉም ተዉ። ሽንት አሞኒያ አለው፤ በረኪና ሲያገኘው የሚያፍን ጋዝ ይወጣዋል። የጦሳ ተራራን ብርድ ፈርተን በርና መስኮት ዘግተን በምንውልበት ክረምት ይህን ቤት ውስጥ ማድረግ ጤና ነው? በጨርቅ መጥጦ አቼቶ በውሃ በጥብጦ ማጽዳት ይሻላል። ውሃ ከልክይው ያላችሁኝም አላችሁ፤ ቡችላ ውሃ አይከለከልም! ሳይደሰትም፣ ተኝቶም የሚያንጠባጥብ፣ ሲሸና የሚያምጥ ወይም ሽንቱ ደም ያለው ከሆነ ግን ሕመም ሊሆን ይችላልና የእንስሳት ሐኪም ይየው። ዱላ ለዚያም መድኃኒት አይደለም።

እሁድ ዘመድ ይመጣብኛል። ሁላችሁም እያነበባችሁ ስለሆነ ከወዲሁ ልናገር፤ ቦቢ ላይ እጁን የሚያነሳ ሰው እኔ ቤት ቡና አይጠጣም፣ አቦልም ቢሆን።