ለክቡር «ከዛሬ ጀምሮ»፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ባለፈው ሰኞ በሕፃናት ማቆያው የብረት በር ላይ በፕላስተር ተለጥፈው፣ ክብ ማኅተምዎን አድርገው ስለተዋወቅን ደስታዬ ወደር የለውም። ጠዋት 1፡00 ላይ ልጄን ሳስረክብ አልነበሩም፤ እኔ ኮምቦልቻ ወርጄ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው የተወለዱት። «ከዛሬ ጀምሮ የመውጫ ሰዓት 10፡00 መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን» ይላሉ። አክብሮቱ ልቤን ነክቶታል።

እንደ ልማዴ 10፡30 ከሥራ ወጣሁ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅሁ፤ የሐረጎን ዳገት በጉም ውስጥ ከጭነት መኪና ኋላ እየተጎተትን ወጣነው፤ በቀድሞው መውጫ ሰዓት በ11፡30 ደሴ፣ ከበሩ ላይ ደረስሁ። ልጄ ዘበኛው ቤት ውስጥ ናት። በካፖርታቸው ተጠቅልላ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ የካፖርቱን ቁልፍ ታኝካለች። «ልጄ፣ እዚህ ላይ ፈርሚ» አሉኝ አባባ፣ ዓይኔን ላለማየት ጎንበስ ብለው። በእጅ የተሰመረ ደብተር ነው፤ ራስጌው ላይ «ዘግይተው የመጡ ወላጆች» ይላል። ፈረምሁ። መንገድ ላይ ልጄ «እማዬ፣ ለምን አመሸሽ?» አለችኝ።

እንግዲህ አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃ። ስማ! እኔ አላመሸሁም። በሰዓቴ ነው የመጣሁት፤ ሰዓቱን ከኋላዬ የነጠቅኸኝ አንተ ነህ። የሦስት ዓመት ልጅ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ በር በር ስታይ አንድ ሰው እንዴት ስልክ መደወል ያቅተዋል? ቁጥሬ መመዝገቢያው ቅጽ ላይ ሦስት ቦታ ተጽፏል። ክፍያ አንድ ቀን ሲያልፍማ ይገኛል!

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። ያው ቅጽ ልጄን ላስወጣ ብፈልግ ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ እንዳሳውቅ አስፈርሞኛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደግሞ አሠሪዬ በማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተኝ ቢያስብ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ስላገለገልሁ ሁለት ወር ይሰጠኛል። እርስዎ ከሥራዬ ሊያስወጡኝ የፈጀብዎ ግማሽ ቀን ነው፤ ቅልጥፍናዎ ያስቀናል።

የሶፍት መዋጮውን ነገር ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለዘበኛው አባባ፤ ካፖርትዎን አጥቤዋለሁ። በዚህ ጉም እንደምንም ከደረቀልኝ ሐሙስ አመጣዋለሁ። ልጄም አፍራለች፣ ምንም እንዳይሏት።