ግማሽ ሰዓት በ48 ሲባዛ

ባለፈው ሐሙስ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የሰፈራችን ኮሚቴ ጸሐፊ ሁለት ወጣቶችን አስከትሎ በሬን አንኳኳና፣ «ጋሼ፣ መኪና ልንቆጥር ስለሆነ መቀመጫ ቢያውሱን» አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚህ ዕድሜዬ ይቀርብልኛል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ የወጣችውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማዬን ከሳሎን አውጥቼ አስረከብኩት። እግሯ ሦስት የሆነበትን ምክንያት ለማያውቅ ልንገረው፤ ባለ አራት እግር ወንበር ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ ይንገዳገዳል፣ ባለ ሦስት እግር ግን የትም ቢያስቀምጡት ይቆማል። ለመንገድ ዳር ቆጠራ ከእሷ የተሻለ መሣሪያ የለም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጸሐፊው ተመልሶ መጣ፤ በርጩማዋን ሳይሆን ደብዳቤ ይዞ። ደብዳቤው ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት በሚሻገሩበት ቦታ ላይ የፍጥነት መቀነሻ እንዲሠራልን የሚጠይቅ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ስወተውት የነበረው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን «በዚህ መንገድ ላይ በዓመት በአማካይ በቀን 8,976 ተሽከርካሪዎች እንደሚያልፉ በቆጠራ ተረጋግጧል» የሚል አነበብኩ። ከየት እንደመጣ ስጠይቀው፣ «ትናንት በግማሽ ሰዓት 187 አለፈ፤ በቀን ውስጥ 48 ግማሽ ሰዓት አለ፤ አባዛነው» አለኝ። እኔም ወረቀት አምጥቼ አባዛሁት፤ ትክክል ነው። በደብዳቤው ውስጥ ካለው የቁጥር ነገር ሁሉ ትክክል የሆነው ግን ያ ማባዛት ብቻ ነው።

ዕድሜ እንቅልፍ ስለነሳኝ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መስኮት ዘንድ የምቆምበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያ ሰዓት በደጃችን የሚያልፍ ነገር ቢኖር ጅብ ነው፤ ከጅቡ ቀጥሎ፣ በበቂ ርቀት ላይ ሆነው የሚሰድቡት ውሾች ናቸው። ጸሐፊያችን ግን ያንን ግማሽ ሰዓትም 187 ተሽከርካሪ አሸክሞታል። የቆጠሩበት ሰዓት ደግሞ ተማሪው፣ ሠራተኛውና ነጋዴው ባንድ ላይ የሚወጣበት ነው። የቆጠሩበት ቀን ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ ለጅማ ሰው መንገር ነውር ይሆናል፤ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በአባ ጅፋር ዘመን ከሩቅ አገር ነጋዴ ይስብ የነበረ ገበያ ነው። ወሩም ኅዳር ነው፤ ቀይ ቡና የሚለቀምበት፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙና ከጌራ አይሱዙው በጆንያ ላይ ጆንያ ጭኖ የሚወርድበት ወር። ከዓመቱ ሁሉ መርጠው እጅግ የተጨናነቀውን ግማሽ ሰዓት አግኝተው፣ እሱን «አማካይ» አሉት።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ሌሎች ተረቶች ምክር ይሰጣሉ፣ ይህ ግን ሥዕል ያሳያል፤ ሰውዬው መቀነቱን እየሮጠ ሲጠመጥም፣ ጥቂት እንደሄደ ደግሞ እዚያው ሩጫው ላይ ሲፈታበት በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኛል። ለጸሐፊው ይህንኑ ተረት ስነግረው ባለቤቴ ከጓዳ ሆና፣ «እሱ ሁልጊዜ እሱኑ ነው የሚለው» አለች። ሁልጊዜ! በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ብዬው ይሆናል፤ አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለቧንቧ ሠራተኛው። ሁለት ቀን ቆጥሮ ዓመቱን ሙሉ መናገር የጸሐፊያችን ብቻ ልማድ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል በየቤታችን ሳይቆጠር የሚወጣ ዓመታዊ አማካይ ነው። የእድራችን ዳኛ አምና በሙሉ ጉባኤ ፊት «እርስዎ ሁልጊዜ ይቀራሉ» ብለው ቀጥተውኛል። የቀረሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ በኅዳር ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ አጋሮ የወንድሜን ቡና ሳስለቅም ነበር። በቀሩት ወራት ሁሉ የመጣሁትን ማን መዘገበው? ቅጣቱን ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ ግን እስከ ዛሬ ኪሴ ውስጥ ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የማውቀው በወጣትነቴ ከመንገድ ዳር ስለቆጠርኩ ነው። ዓመታዊ አማካይ የቀን ትራፊክ ማለት በዓመት ያለፈው ሁሉ ለ365 ሲካፈል ነው፤ ነገር ግን 365 ቀን መንገድ ዳር የሚቀመጥ ሰው ስለማይገኝ ጥቂት ቀን ተቆጥሮ ቀሪው ይገመታል። የአገራችን መመሪያ ቆጠራው ሰባት ተከታታይ ቀን እንዲሆን ያዝዛል፤ ከእነዚህም ቢያንስ አንድ የሥራ ቀንና አንድ የዕረፍት ቀን ሙሉ 24 ሰዓት ይቆጠራል፣ የቀሩት ቀናት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለ16 ሰዓት ብቻ ተቆጥረው ወደ 24 ሰዓት በሚያሳድግ ማባዣ ይስተካከላሉ። በዋና ዋና መንገዶች ላይ ይህ ነገር በዓመት በሦስት ዙር ሲደረግ ኖሯል፣ ምክንያቱም አንድ ሳምንት ስለ ክረምቱም ስለ በጋውም ሊመሰክር አይችልም። የወሩ ማስተካከያ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከሚቆጥር ጣቢያ ይመጣል፤ በኅዳር የሚታየው ትራፊክ ከዓመቱ አማካይ በሩብ የሚበልጥ ቢሆን፣ የኅዳሩ ቁጥር በ0.8 ይባዛል ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥሩ ጣቢያዎች ያሏቸው አገሮች ለየወሩ ሰባት የቀን አማካይ፣ ማለትም የሰኞውን ለብቻ፣ የማክሰኞውን ለብቻ እያወጡ፣ በ12 ወር 84 አማካይ ይዘው ነው ወደ አንድ ቁጥር የሚወርዱት። በኛ አቆጣጠር 13 ወር ስላለን 91 ሊሆን ይገባ ነበር፤ ዳሩ ግን ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስለሆነች ሳምንት እንኳ አትሞላም።

መመሪያው ከዚህ በተጨማሪ ደመወዝ በተከፈለ ሰሞን፣ በበዓልና በመኸር ወቅት ቆጠራ እንዳይደረግ ይመክራል። ይህንን ምክር ጅማ ውስጥ ልፈጽም ብዬ ባስብ የምቆጥርበት ቀን አጣለሁ። ቡናው ሲያልቅ የጥምቀት በዓል ይመጣል፤ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ይጠራል፣ ደግሞም ይበትናል፤ ረመዳን ሲገባ መንገዱ ከአፍጥር በፊት በጥድፊያ ይሞላና በማፍጠሪያው ሰዓት ጸጥ ይላል፣ ከተራዊሕ ሶላት በኋላ ደግሞ እንደገና ይነሣል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የወጣ የወር ማስተካከያ ዛሬ የሚያስተካክለው የሌላ ወር ጾም ይሆናል።

የሰኮሩውን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የአንድ አማካሪ ድርጅት ተቀጣሪ ሆኜ ስቆጥር፣ 24 ሰዓት የሚቆጠርበት ሌሊት ደረሰኝ። ቅጹ ላይ ለእያንዳንዱ ዓይነት አምድ አለው፤ አራት ቋሚ ጭረት ትሠራለህ፣ አምስተኛውን አግድም ታሳልፍበታለህ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ በተሳቢ መኪና አምድ ላይ አንድም ጭረት አልነበረም። ንጋት ላይ ተቆጣጣሪው መጥቶ ባዶውን አምድ በባትሪ አበራበትና «ተኝተሃል» አለኝ። እኔ ዓይኔን አልከደንኩም፤ ጊቤ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ከባድ መኪና ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶት እንደነበር ጧት በመጣው አውቶቡስ ሾፌር አፍ ተሰማ። ተቆጣጣሪው ይህን ከሰማ በኋላም የሦስት ቀን አበሌን ቆረጠ፤ ባዶውን አምድ ደግሞ ካለፈው ሌሊት ገልብጦ በእስክሪብቶ ሞላው። ያን ሌሊት ሰርዞ በሌላ ሌሊት መድገም ነበረበት። ስለዚህ ጊቤ ላይ በግልብጡ መኪና ኋላ ተሰልፈው ያደሩ ተሳቢዎች በሪፖርቱ ውስጥ ሰኮሩን በሰላም አልፈው ወደ ጅማ ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ «በቆጠራ ተረጋግጧል» የሚል ዓረፍተ ነገር ባነበብኩ ቁጥር ሆዴን የሚቆርጠኝ በዚህ ምክንያት ነው። አበሌንም አልረሳሁትም።

የዓይነቱም ነገር አለ። መኪናን በየዓይነቱ መቁጠር የሚያስፈልገው ለሥርዓት ተብሎ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ ዓመት አለው። የቤት መኪና ከወር ወር ብዙም አይለዋወጥም፤ የቡና ጫኝ ዓመት ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ አውቶቡስ ደግሞ በዓልን ይከተላል። ለሁሉም አንድ ማስተካከያ የሚጠቀም ሰው የቡናውን መኪና በበዓል ተሳፋሪ ልክ ይሰፋዋል። መንገድ ላይ የተዘረጋ የጎማ ቱቦ እንኳ ይህን ሳያውቅ ይሳሳታል፤ ቱቦው የሚቆጥረው አክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማ የሚያያዝበትን ዘንግ ስለሆነ፣ ድምሩን ለሁለት አካፍለህ መኪና ነው ካልክ፣ ባለ አምስት አክስል የሆኑ ሁለት ተሳቢዎች አምስት የቤት መኪና ሆነው ይመዘገባሉ።

የመንገድ መሐንዲስ ስለ አክስል የሚጨነቀው ግን በሌላ ምክንያት ነው። «ለላም ቀንዷ አይከብዳትም» ይባላል፤ ለአይሱዙም ጭነቱ አይከብደውም፣ የሚከብደው ለአስፋልቱ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ኦታዋ በተባለች ከተማ አጠገብ በተደረገው ትልቅ የመንገድ ሙከራ እንደታየው፣ በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከአክስሉ ክብደት ጋር እኩል አያድግም፤ ወደ አራተኛ ኃይል ተጠግቶ ያድጋል። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። መለኪያው 8.16 ቶን የሆነ አክስል ነው፤ በዚህ ስሌት የእሱን ያህል ጉዳት ለማድረስ ግማሽ ቶን የሚሸከም የቤት መኪና አክስል ወደ 70 ሺህ ጊዜ ገደማ መመላለስ አለበት። ስለዚህ አስፋልቱ እንዲታደስ ብንጠይቅ ኖሮ፣ ከጥቂት ከባድ መኪናዎች በቀር ከ187ቱ አብዛኛው ከዜሮ አይለይም ነበር።

ይህን ሁሉ ለጸሐፊው በር ላይ እንደቆመ አስረዳሁት። ከ187ቱ ባጃጁ ስንት እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ባጃጅም ሰው ይገጫል» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ረታኝ፤ የፍጥነት መቀነሻ የሚጠየቀው ለልጅ መሻገሪያ እንጂ ለአስፋልት ዕድሜ አይደለም፣ ለልጅ ደግሞ ከዓመቱ አማካይ ይልቅ የሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ነው የሚያስፈራው። እንግዲያው «በዚህ ሰዓት በግማሽ ሰዓት ውስጥ 187 ያልፋል» ብለው ቢጽፉ ይበቃ ነበር፤ ዓመቱን ማን ጠየቃቸው? ይህንኑ እንዲጽፍ ስለምነው ሰዓቱን አየና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሁልጊዜ ነገር ያወሳስባሉ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ሊዘጋ ነው» አለኝ። ፈረምኩ። ከስሜ አጠገብ በቅንፍ «ቁጥሩን ሳይጨምር» ብዬ ጻፍኩበት፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አጥፎ ኪሱ ውስጥ ስለከተተው አሁን ምን ተብሎ እንደሚነበብ እንጃ።

ስለ በርጩማዬ ለመጠየቅ ያሰብኩት እሱ ማዕዘኑን ከዞረ በኋላ ነው። ማታ ስወጣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ አየኋት። ቅዳሜም እሑድም በዚያው አለፍኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ጎረምሳ ተንሰራፍቶባት ስልኩን ይነካካ ነበር። ያ ልጅ ሥራ የለውም፤ ሁልጊዜ እዚያው ነው።