እርማት፦ የቬገስ ነርቭ ማነቃቂያ ጭንቅላት ውስጥ አይቀበርም

«የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ማሽን ይቀብሩበታል፤ ከዚያ ስሜት አልባ ይሆናል» ብለሃል ወንድሜ። ስለ ቬገስ ነርቭ ማነቃቂያ ከሆነ፣ ማለትም ከአንጎል በአንገት በኩል የሚወርደውን ቬገስ የሚባል ነርቭ በኤሌክትሪክ ስለሚያነቃቃው መሣሪያ፣ ልክ አይደለም። ብዙ ሰው ስለሚያምነው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መሣሪያው ጭንቅላት ውስጥ አይገባም። ባትሪ ያለው ትንሽ መሣሪያ በግራ ደረት በኩል ከቆዳ ሥር ይገባል። ከእሱ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ አንገት ላይ ባለው የግራ ቬገስ ነርቭ ላይ ይጠመጠማል። አብዛኛውን ጊዜ 30 ሰከንድ ይሠራል፣ 5 ደቂቃ ያርፋል። ሲሠራ ድምፅ ሊጎረንን፣ ሳልም ሊመጣ ይችላል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ስሜት ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሕክምናው አሜሪካ ውስጥ ለሚጥል በሽታ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። አንዳንድ ታካሚዎች መንፈሳቸው ሲነቃቃ ታየ፤ የሚጥላቸው ብዙም ያልቀነሰላቸው ሳይቀሩ! በ2005 ደግሞ በመድኃኒት አልሻል ላለ ድባቴ ተፈቀደ። ለሁሉም አይሠራም፤ ለውጡም ወራት ይፈጃል።

እባክህ፣ መሣሪያው ገባልኝ ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ እንዳይኖር። ድባቴ ያለበትም ለሐኪሙ ይንገር፤ የሚጥል በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ ራሱን የቻለ ሕክምናም አለው።