«ቅርብ ነው»

ሚያዝያ ውስጥ ቨርጂኒያ የምንኖር አራት ቤተሰቦች ፏፏቴ ልናይ ተቀጣጠርን። የተመረጠው ሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ያለው ዳርክ ሆሎው ነው። ከዋሽንግተን በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። የእግሩ መንገድ ደርሶ መልስ 1.4 ማይል ነው፤ በእኛ ሁለት ኪሎ ሜትር ከምናምን። ለዚህች ሁለት ኪሎ ሜትር በቴሌግራም ግሩፕ ሁለት ሳምንት ተከራከርን። ድምፅ ተሰጠ። ቅዳሜ አሸነፈ። ቅዳሜ የሚሠራ ሰው ተገኘና እንደገና ድምፅ ተሰጠ። ክትፎ ማን ይይዛል፣ ጀበና ማን ያመጣል፣ የማን መኪና ሰባት ሰው ይጭናል። አንደኛው ወዳጃችን ማለዳ ማለዳ የአየር ትንበያ ይለጥፍልናል። ያልተጠየቀ ነገር የለም፤ ስለ መንገዱ ብቻ ነው አንድም ሰው ያልጠየቀው።

ነገሩ ጢስ ዓባይን አስታወሰኝ። ጥር 2010 ዓ.ም. ከቤተሰቤ ጋር ባሕር ዳር ነበርኩ። እዚያ ዕቅዱ ሁለት ስልክ ብቻ ነው የፈጀው። የባለቤቴ ወንድም ለሚያውቀው ሹፌር ደወለ። ሹፌሩ ደግሞ ጢስ ዓባይ ከተማ ለሚያውቀው ሰው ደወለ። አለቀ። ሁለተኛው ስልክ ላይ የተጠየቀው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል፦ «ውሃው አለ?»

ፏፏቴ ልታይ ስትሄድ ውሃ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ቀልድ ይመስላል። ጢስ ዓባይ ላይ ግን ትልቁ ጥያቄ ይኸው ነው። ፏፏቴው ውሃውን ከመብራት ማመንጫ ጋር ይሻማል። የመጀመሪያው ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሠራ ትንሽ ስለነበር ብዙም አልተሻማም። በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ። በ2001 ደግሞ ሁለተኛውና ትልቁ ማመንጫ መጣ። ከዚያ ወዲህ በበጋ ውሃው ወደ ቦዩ ይታጠፋል፤ ገደሉ ላይ የሚወርደው የተረፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው የበለስ ማመንጫ ደግሞ ውሃውን ከነጭራሹ ከሐይቁ ይወስዳል። ስለዚህ ጢስ ዓባይን ሙሉ ሆኖ ለማየት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ነሐሴና መስከረም ላይ መሄድ ነው። እኛ ዳያስፖራዎች የምንመጣው መቼ ነው? ለገና እና ለጥምቀት። መስከረም ላይ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። ፏፏቴው ሲሞላ እኛ የለንም፣ እኛ ስንመጣ እሱ የለም።

ሰውየው በስልክ «አለ፣ አለ፣ ይምጡ» አለ። ምን ይበል?

ሌላው ጣጣ ሰዓት ነበር። ሹፌሩ «12 ላይ እንነሳለን» አለ። ልጄ ይህን ስትሰማ በፈረንጅ ቆጥራ እኩለ ቀን ነው ብላ ተኛች። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ማለትም በእሷ ስልክ 6 ሰዓት ላይ፣ ሹፌሩ በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ገና ፒጃማ ለብሳለች። አማቴ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ተነስተው ድፎውን ቆራርጠው፣ ቆሎውን ቋጥረው፣ ነጠላቸውን ለብሰው ሶፋ ላይ ቁጭ ብለዋል። እሳቸው ጉዞ ሲባል ስንቅ ነው የሚታያቸው። የሚሄዱበትን ቦታ ስም ጠይቀው አያውቁም።

ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያኔ መንገዱ ኮረኮንች ነበር። ቲኬት ቆርጠን አንድ አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆነው አስጎብኚ ልጅ ተሰጠን። ዱላ በእጁ፣ ኮንጎ ጫማ በእግሩ። «ምን ያህል ያስኬዳል?» አልኩት። «ቅርብ ነው ጋሼ።» «ስንት ደቂቃ?» «ኧረ ቅርብ ነው፣ እዚችው ነች።» ተጨማሪ መረጃ የለም።

ገደሉ ላይ ያለውን የድንጋይ ድልድይ ተሻገርን። ልጁ የፖርቹጋል ድልድይ አለን። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ያሠሩት ግን አፄ ሱስንዮስ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1626። ሥራውን የመራው ባለሙያ ከካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ ሰው እንደነበር የጻፈልን አልሜዳ የሚባለው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ሚሲዮናዊ) ነው። ድልድዩ ዛሬም ይሠራል። እኛ ፎቶ ስንነሳ አንዲት ሴትዮ ማገዶ ተሸክማ «እለፉልኝ እስቲ» አለችን። አህያ የሚነዳ ሽማግሌ ተከተላት። ከዚያ ደብተር የያዙ ልጆች። ለካ መሀል መንገድ ላይ የቆምነው እኛ ነን።

አሜሪካ የእግር መንገድ ለመሄድ ብቻ የተሠራ ነው። የትም አያደርስም፤ ሄደህ ትመለሳለህ። እዚያ ግን የሰው የገበያ መንገድ ላይ ነው የምትሄደው። ማሳ ዳር ታልፋለህ፣ ሰላም ትላለህ፣ «ከየት ናችሁ» ትባላለህ። አንዳንዴ ይሰለቻል፤ አልዋሽም። ቅል እና ነጠላ የሚሸጡ ሕፃናት ጫፍ ድረስ ይከተሉሃል፤ ጸጥታ የፈለገ ሰው አያገኛትም። ሸናንዶዋ ላይ ያለው ጸጥታ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። እዚያም ሰው ይኖር ነበር። ፓርኩ በ1930ዎቹ ሲቋቋም በመቶዎች የሚቆጠሩ የተራራ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነስተዋል። ዛሬም ጫካው ውስጥ የቤት መሠረት ድንጋይና የመቃብር ቦታ ይገኛል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ «ፈረንጅ ተፈጥሮን እንዴት ጠብቆ ያዘው!» ሲባል አፌን ሞልቼ አዎ አልልም።

ወደ ጢስ ዓባይ ልመለስ። ዳገቱን ወጣን። ልጁ የአማቴን እጅ ይዟል። «በዚህ በኩል ይርገጡ እማማ፣ ያ ያዳልጣል። ይኸኛው ድንጋይ ይነቃነቃል።» እያንዳንዷን ድንጋይ ያውቃታል። ማመልከቻ ሰሌዳ የለም፣ እሱ ግን አለ። ጫፍ ደረስን። ሰፊው ጥቁር ገደል ወለል ብሎ ታየን። ዳር ላይ እንደ ነጭ መቀነት የወረደች ውሃ አለች። በክረምት 400 ሜትር ስፋት ይሞላል የሚባለው እሱ ነው። አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ብሩ ላይ ያለው ይሄ ነው?» አሉ።

የድሮዋን አንድ ብር ኖት የሚያስታውስ ይገባዋል። ከጀርባዋ ጢስ ዓባይ አለ፤ ሙሉ፣ ጭስ በጭስ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያንን ሲቆጥሩ ኖረዋል። ልጁ አፈረ። «ክረምት ይምጡ እማማ፣ ያኔ ከዚህ ቆመው ይበሰብሳሉ» አለ። ባለቤቴ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ብላ ሳቀች። ልጁም ሳቀ፣ ግን ትንሽ ነው የሳቀው። ድፎውን አብረን በላን።

ዛሬ ያንን ጉዞ ላቅድ ብል ከውሃው በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው፦ መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ይህን ደግሞ የትኛውም ድረ ገጽ አይመልስልህም። እዚያው ላለ ሰው ትደውላለህ።

አሁን ቨርጂኒያ። ሰኔ ሳይመጣ፣ የፀደይ ዝናብ ሳያልቅ መሄዳችን ጥሩ ነበር፤ እዚህም በነሐሴ ፏፏቴው ይሳሳል። አማቴ ሊጠይቁን መጥተው ስለነበር ይዘናቸው ሄድን። የፓርኩ በር ላይ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ከፈልን። ለሰባት ቀን ያገለግላል። «ለሰባት ቀን ከፍላችሁ ማታ ልትመለሱ?» አሉ አማቴ። ለዚህ መልስ የለኝም። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ 105 ማይል ነው። በሰዓት ከ35 ማይል በላይ አይነዳበትም። በየማይሉ የቁጥር ድንጋይ ተተክሏል፤ ዳርክ ሆሎው 50.7 ላይ ነው። ስልክ ባይሠራም ቁጥሯን ካወቅህ አትጠፋም። ይህን አደንቃለሁ።

እንደ ሐበሻ ወግ ሁለት ሰዓት ዘግይተን ደረስን። መኪና ማቆሚያው ጠባብ ነው፤ ሞልቷል። አርባ ደቂቃ ዞርን። ቦታ ስናገኝ ሰሌዳው ላይ ውሻ አይገባም የሚል አለ። አንዱ ወዳጃችን ደግሞ የልጆቹን ውሻ ይዞ መጥቷል። ይህ ክልከላ ድረ ገጹ ላይ ተጽፏል። የውጣ ውረዱ ልክ ተጽፏል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዳችንም አልከፈትነውም። እውነት ለመናገር ባለ ውሻው ብዙም አልከፋውም። ከውሻውና ከጀበናው ጋር ቀረ።

የፏፏቴ መንገድ አንድ ተንኮል አለው። ተራራ ስትወጣ ከደከመህ ትመለሳለህ፣ ቁልቁለቱ ይረዳሃል። ፏፏቴ ግን ብዙ ጊዜ ከሥር ነው። መጀመሪያ እየሳቅህ ትወርዳለህ፣ ሲደክምህ ዳገቱ ይጠብቅሃል። ዳርክ ሆሎው ላይ መልሱ 440 ጫማ፣ ወደ 134 ሜትር ሽቅብ ነው። ከአርባ ፎቅ በላይ የሆነ ቤት በእግር እንደ መውጣት አስቡት፤ ሊፍት የለውም። እኔ ውሃ የያዝኩት ለመውረጃው ነበር። ሁላችንም ታች ጨረስነው።

ፏፏቴው ግን ደስ ይላል። 70 ጫማ ያህል ነው፤ የጢስ ዓባይን ግማሽ ቢሆን ነው። በጥቁር ድንጋይ ላይ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ አጠገቡ ሲቆሙ ፊት ላይ ይረጫል። አማቴ እጃቸውን ነክረው ግንባራቸውን አበሱ። «ይሄስ ውሃ አለው» አሉ።

መልስ ላይ ግን ከበዳቸው። በየሃያ እርምጃው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እጃቸውን የሚይዝ የጢስ ዓባዩ ልጅ የለም፤ እኔ ነኝ፣ እኔም አለከልካለሁ። የትኛው ድንጋይ እንደሚነቃነቅ አላውቅም። ሲቀመጡ አብሬ ተቀመጥኩ። ከላይ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ሁለት ዱላ ይዛ ስትወርድ አየችን፤ ቆመች፣ ፈገግ አለች። «አይዟችሁ፣ ደርሳችኋል፣ ትንሽ ነው የቀራችሁ» አለችን በቋንቋዋ።

አማቴ «ምን አለች?» አሉኝ።

«ቅርብ ነው አለች።»

የመጣንበትን ቀና ብለው አዩ። መንገዱ ገና በጫካው መሀል ሽቅብ ይታጠፋል፣ ማለቂያው አይታይም።

«ይቺስ የኛ አገር ሰው ናት» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ።