እሳት የራሱን ነፋስ ይሠራል

ስለ ካሊፎርኒያ ሰደድ እሳቶች ባለፈው ሳምንት በተላለፈ የሬዲዮ ውይይት ላይ በባለሙያነት የቀረቡ አንድ እንግዳ «የዕለቱን የነፋስ ፍጥነትና አቅጣጫ ካወቅን እሳቱ የሚደርስበትን አወቅን፤ የእሳት አዙሪት የሚባለው ለካሜራ የሚመች ትርኢት ነው» ሲሉ አዘጋጁ አንድም ጥያቄ ሳያነሣ አለፋቸው።

ያ «ትርኢት»፣ ማለትም ነበልባል ይዞ የሚሽከረከረው የነፋስ አምድ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 2018 በካሊፎርኒያዋ የሬዲንግ ከተማ ዳርቻ፣ ካር በተባለው ሰደድ እሳት ውስጥ ተነሥቶ የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር ማማዎችን ጥሏል፤ ዛፎችን ከነሥራቸው ነቅሏል፤ የብረት ቱቦ በምሰሶ ላይ ጠምጥሟል። ፍጥነቱ በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር እንደደረሰ ተገምቷል። እንግዳው የሚመኩበት የዕለቱ የነፋስ መጠን ይህን ከየት ያመጣው ነበር?

በበጋ ገለባና አቧራ ጠቅልሎ ሜዳ የሚያቋርጠውን አዙሪት ያላየ የለም፤ እሳት ሲጨመርበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጋለው አየር ወደ ላይ ሲመዘዝ ዙሪያውን በዝግታ ይሽከረከር የነበረውን አየር ወደ መሃል ይሰበስበዋል፤ ክቡ በጠበበ መጠን ሽክርክሪቱ ይፈጥናል። ከመሬት ጋር በሚፋተግበት ግርጌ አየሩ ወደ መሃል እየሮጠ ነበልባሉን ከሚነደው ነገር ጋር ስለሚያጣብቀው ቃጠሎው ይበረታል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ሽክርክሪቱ ከውጭው አየር ጋር መቀላቀልን ስለሚገታ ነበልባሉ ይረዝማል፣ ፍሙንም አንሥቶ ገና እሳት ወዳልነካው ቦታ ይወረውረዋል። በሬዲንግ የጭሱ አምድ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሲተኮስ አዙሪቱን ወደ ላይ የሳበውና ያጠበቀው ራሱ ነው። ነፋሱን የወለደው እሳቱ ሆኖ ሳለ እሳቱን በነፋሱ ብቻ መተንበይ ልጅን የእናቱ አባት ማድረግ ነው።

አዙሪት ሁሉ ይህን ያህል እንደማይገዝፍ፣ ብዙውም በደቂቃዎች እንደሚከስም አልክድም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2003 በአውስትራሊያ ዋና ከተማ በካንቤራ ቃጠሎ የታየውን ማን ያስተባብላል? ብርቱ ነፋስ ጉብታውን አልፎ በማዶው ቁልቁለት ላይ ሲጠማዘዝ፣ እሳቱ ነፋሱ ወደሚነዳበት ብቻ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ነፋሱን አቋርጦ ተስፋፍቷል። በእንግዳው ስሌት ይህ ሊሆን አይችልም፤ በእርሳቸው ምክር ከጎን የቆመ የእሳት አደጋ ሠራተኛም ደኅና ነኝ ብሎ ይቆማል። አዘጋጁ በሚቀጥለው ዝግጅት እንግዳውን መልሶ የሚጋብዝ ከሆነ፣ ይህን ሠራተኛ ከዚያ ቁልቁለት ላይ በምን ምልክት እንደሚያስነሡት ይጠይቃቸው።