ለክቡር አቶ ቀይ ኤክስ

ቁጥር፦ የለውም
ለ፦ ክቡር አቶ ቀይ ኤክስ
የመልስ መመልከቻ ገጽ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በአንዲት «ዓ» ምክንያት የቀረበ ቅሬታ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኛ መብራት ከሚሄድበት ሰዓት በስተቀር ደህና ነን።

የምጽፍልዎ ከፒያሳ፣ ከሰባ ደረጃ ሥር ነው። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሚኒስትሪ ደርሶባታል። ትምህርት ቤቷ የልምምድ ፈተናውንም የቤት ሥራውንም ኦንላይን ካደረገው ወዲህ ማታ ማታ በእኔ ስልክ ከእርስዎ ጋር እንፋጠጣለን።

ባለፈው ማክሰኞ የአማርኛ ልምምዷን ጨርሳ 38 ከ40 አመጣች። ደስ ብሎን «መልስህን ተመልከት» የሚለውን ነካን። (ሴት መሆኗን ስትመዘገብ ሞልታለች፤ ማን ሰምቶ።) ሁለት ቦታ ተገትረው አገኘንዎት።

አንደኛው ይገባታል። «ሆደ ሰፊ» ምን ማለት ነው ቢሏት «በላተኛ» ብላለች። ታጋሽ ማለት እንደሆነ ያስረዳኋት ግን እኔ ነኝ። እርስዎማ «ስህተት! ትምህርቱን ድጋሚ ይከልሱ» ብለው ዘጉት። የትኛውን ትምህርት? ስንተኛው ገጽ ላይ? የእኔ የድሮ አማርኛ አስተማሪ፣ ኩርኩም የማይሰስቱት ሰውዬ እንኳን፣ ኤክስ ካደረጉ በኋላ ዳር ላይ አንድ ቃል ይጽፉልን ነበር።

ያንገበገበኝ ሁለተኛው ነው። ባዶ ቦታ ሙላ። «የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጦርነቱ የተካሄደው ____ ላይ ነው።» ልጄ «አድዋ» ብላ ጻፈች። እርስዎ ቀልተው ብቅ አሉ።

የእርስዎ መልስ፦ አድዋ።
ትክክለኛው መልስ፦ ዓድዋ።

ስልኩን አስጠግቼ አየሁት። መነጽሬን አምጥቼ ደግሜ አየሁት። «እማ፣ ምኑ ነው ልዩነቱ?» አለችኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁለቱንም አነበብኩላት። ያው ነው።

ዓይኑ «ዐ» እና አልፋው «አ» በግእዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። በአማርኛ አንድ ከሆኑ ስንት ዘመናቸው። ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ፊደላትን የሚለይበት የቁጥር ሥርዓት) ግን ለየብቻ ቁጥር ስለሰጣቸው፣ ለእርስዎ አንዱ ሎሚ ሌላው ድንጋይ ነው። ሁለቱን እንደ አንድ ቁጠር ብሎ ማዘዝ የሚከብድ ነገር አይደለም፤ ያዘዘዎት ሰው ግን የለም። በ«ዓ» መጻፉ ይሻላል ከተባለም እሺ፣ አንከራከርም። ግን የተጠየቀችው ቦታውን ነው። የካቲት 2016 እዚሁ ሰፈራችን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሲመረቅ ስንቱ ሰው በስልኩ «አድዋ» ብሎ ጻፈ። ሕንፃው አልፈረሰም።

ለመምህሯ ደወልኩ። «ሲስተሙ ነው እኮ» አሉኝ። እርስዎን መሆኑ ነው።

የሰዓቱን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። የቤት ሥራው 11:59 ላይ ይዘጋል አሉን። ልጅቷ መክሰሷን ጥላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ላከች። ለካ እርስዎ የሚሉት የማታውን 5:59 ኖሯል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ተርፏት ነበር።

ስለዚህ አንዷን ነጥብ ይመልሱልን። እባክዎ ሆደ ሰፊ ይሁኑ። (በላተኛ ማለቴ አይደለም።)

ከሰላምታ ጋር (በፈለጉት «ሰ» ያንብቡት)
የተማሪዋ እናት

ግልባጭ፦
ለዓይኑ ዐ
ለአልፋው አ
ባሉበት