መዥገር በቫዝሊንና በላምባ አይለቅም

«ቫዝሊን ወይም ላምባ ቀቡት፣ ታፍኖ በራሱ ይለቃል» የሚለው ምክር ስህተት ነው። መዥገር በሰዓት የሚተነፍሰው ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቶሎ አይታፈንም፤ ተጣብቆ በቆየ ቁጥር ደግሞ በሽታ የማስተላለፍ ዕድሉ ይጨምራል። በክብሪት ማቃጠልማ ቆዳችሁን ነው የሚለበልበው። ጫፉ በቀጠነ ወረንጦ አፉ ጋ፣ ከቆዳው አስጠግታችሁ ያዙት፤ ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ሆዱን አትጭመቁ። የአፉ ቁራጭ ቢቀር አትቆፍሩ፣ ቆዳው ራሱ ይገፋዋል። በሳሙና ታጠቡ፣ ቀኑን ጻፉ።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላላችሁ፦ መዥገር የሚያስተላልፈው የላይም በሽታ ሽፍታ ከተነከሳችሁ ከ3 እስከ 30 ቀን ውስጥ ይወጣል፤ እየሰፋ ይሄዳል እንጂ ብዙ ጊዜ አያሳክክም፣ ሁልጊዜም ቀለበት አይሠራም። በማግስቱ የሚታይ ትንሽ ቅላት ቆዳው በንክሻው ተቆጥቶ ነው። ትኩሳት፣ ራስ ምታት ወይም የፊት መጣመም ከመጣ ሽፍታ ባይኖርም ሐኪም ጋ ሂዱ።